የሂተር ማኒኮቶ ሲያፈስ፦ የአንድ ሃይስ ሚኒባስ የፍተሻና የጥገና ማስታወሻ፣ ሱሉልታ

መኪናው ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ ነው፤ 5ኤል የናፍጣ ሞተር፣ የፊትና የኋላ ሂተር። ሂተር ከሞተሩ በሚመጣ ሙቅ ውሃ የመኪናውን ውስጥ ያሞቃል፤ ውሃውን የሚያመላልሰው የላስቲክ ቱቦ ማኒኮቶ ይባላል። ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታና ጫንጮ ይመላለሳል። ችግሩ እንዲህ ተብሎ ተነገረ፦ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ውሃ ይጎድላል፤ ከቆመበት ሥር ግን ጠብታ አይገኝም። የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ የሙቀት መለኪያው ከመሃል አልፎ ይሄዳል። ከዚህ በፊት ራዲያተሩ ወርዶ ታጥቧል፣ ተርሞስታቱም (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቫልቭ) ተነቅሎ ተጥሏል። ሁለቱም ምንም አልፈየዱም።

ሰኞ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ

ፍተሻው የሚጀመረው ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ነው። የጋለ ራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል፤ ይህ የታወቀ ነው። ሌላው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንዳንድ ማኒኮቶ የሚያፈሰው በብርድ ብቻ ነው። ላስቲኩ ለዓመታት በፋሸታ (በብረት ማሰሪያ ቀለበት) ታንቆ ስለኖረ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ መመለስ አቅቶታል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና በሚገጠምበት የቱቦ አንገት ዙሪያ ቀጭን ክፍተት ይተዋል፤ ሲሞቅ ደግሞ ያብጥና ራሱን ይዘጋል። ሱሉልታ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ በሚያድርበት ሰሞን ይህ ዓይነቱ ፍሳሽ ይበዛል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ሞተሩ ከሥሩ ያለበትን የፊት መቀመጫ አንስተን በባትሪ መብራት ተመለከትን። የምንፈልገው እርጥበት ሳይሆን የእርጥበት ቅሪት ነው። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሲደርቅ እንደ ቀለሙ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቅርፊት ይተዋል፤ ተራ ውሃ ነጭ ወይም የዝገት ቀለም ይተዋል። ሂተሩ ውሃ ከሚወስድበት ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ኋላ ካለው የብረት አንገት ሥር ነጭ ቅርፊት ተገኘ፤ ከዚያም ወደ ታች የወረደ ቡናማ መስመር። መስመሩን ወደ ላይ ተከትሎ ከፍተኛውን ነጥብ መያዝ ይገባል። ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። እርጥብ ሆኖ የተገኘው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከላዩ ወይም ከፊቱ ባለው ጥፋት የራሰ ነው።

ከቅርፊቱ ቦታ ምልክት አድርገን አለፍን። አንድ ፍሳሽ ሲገኝ ፍተሻውን ማቆም በዚህ ሥራ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። ነጩ ቅርፊት በሁለትና በሦስት ቀን የሚጎድለውን ያህል ውሃ ሊያስረዳ አይችልም።

ሰኞ ረፋድ፣ የግፊት ሙከራ

ለምን ግፊት? እዚህ አገር ነገሩ ከሌላው ቦታ ይብሳል። በባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በ92 ገደማ ይፈላል፤ ሱሉልታ ከ2,500 ሜትር በላይ ናትና 91 አካባቢ ነው፤ የእንጦጦ ተራራ ጫፍ ላይ ከ90 በታች ይወርዳል። የዚህ ሞተር ተርሞስታት መከፈት የሚጀምረው በ82 ዲግሪ ሲሆን ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። ይህ ማለት ግፊት የማይዝ መኪና እዚህ ዳገት ላይ፣ ሞተሩ ምንም ሳይታመም፣ በመደበኛ የሥራ ሙቀቱ ብቻ ይፈላል። 0.9 (በባር፣ በግፊት መለኪያ) የሚል የተጻፈበት ክዳን በትክክል ከያዘ ግን የመፍያው ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል።

ስለዚህ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ጉዳቷ የምታፈሰው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ግፊቱን ትሰርቃለች። ራዲያተር የታጠበላቸው፣ ቬንትሌተር (ማራገቢያ) የተቀየረላቸው፣ ቴስታታቸው ሳይቀር የወረደ መኪኖች አሉ፤ ጥፋታቸው ግን አንድ የሂተር ማኒኮቶ ነበር።

ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞላን፣ የግፊት መፈተሻውን በክዳኑ ቦታ ገጠምን፣ በእጅ እየገፋን 0.9 ባር አደረስነው። መፈተሻ የሌለው ሰው ከአሮጌ ክዳን ውስጥ ሞላውንና ቫልቩን አውጥቶ፣ የቱብለስ ጎማ መንፊያ ቫልቭ በጥብቅ ገጥሞበት፣ ግፊት መለኪያ ባለው የብስክሌት ፓምፕ መሥራት ይችላል። የጎማ ቤት ኮምፕረሰር ግን በፍጹም አይሆንም። በአንድ ንፍት ከ2 ባር በላይ ይልክና በዳሽቦርዱ ውስጥ ያለውን የሂተር ራዲያተር ይቀደዋል፤ ያ ከሆነ ዳሽቦርዱ በሙሉ መውረዱ ነው።

ውጤት፦ በ10 ደቂቃ ከ0.9 ወደ 0.4 ወረደ። ጤነኛ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ መርፌው ሲንቀሳቀስ መታየት የለበትም።

የቴስታታው አንገት ላይ ጠብታ ወጣ፤ ያውም በደቂቃ አንድ ያህል። መርፌው የሚወርደው ግን ከዚያ በፈጠነ ሁኔታ ነው። ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው።

ክዳኑንም ለብቻው ፈተሽነው። በ0.5 ባር ለቀቀ። እዚህ ላይ ብዙ ጠብ የሚነሳበት ነገር አለ። ክዳኑ ሲደክም ግፊቱ ስለማይጨምር ደካማው ማኒኮቶ ተደብቆ ይኖራል። አዲስ ክዳን ሲገዛ የማቀዝቀዣው ውሃ ሥርዓት እንደገና ወደ ትክክለኛ ግፊቱ ይደርስና ማኒኮቶው በማግስቱ ይፈነዳል። ባለመኪናው ክዳኑን ያማል፤ ክዳኑ ግን ሥራውን ነው የሠራው። አዲስ ክዳን የሚገጠመው ማኒኮቶዎቹ ከተፈተሹ በኋላ ነው፤ የሚገጠመውም የፋብሪካው ቁጥር ያለበት ነው። «ጠንካራ ይሁን» ተብሎ 1.1 ወይም 1.3 ማድረግ ጫናውን በአሮጌ ላስቲክና በቀጭን የሂተር ራዲያተር ላይ መጫን ነው።

ሰኞ ከሰዓት፣ መስመሩን መክፈል

ከሞተሩ የሚወጣው የሂተር ውሃ በፕላስቲክ ቲ መጋጠሚያ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ ወደ ዳሽቦርዱ ሂተር፣ ሌላው በወለሉ ሥር በብረት ቱቦ ወደ ኋላው ሂተር። መልሱም በሌላ ቲ ይገናኛል። መኪናው ሥር ገብቶ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ከማየት በፊት መስመሩን በግማሽ በግማሽ እየቆረጡ መፈተሽ ጊዜ ይቆጥባል።

ማኒኮቶን በፒንሳ ቆንጥጦ መዝጋት አዲስ ላስቲክ ላይ ይሠራል። አሮጌ ላይ ግን ውስጡ ያለውን የክር ሽመና ይሰብራል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈነዳው የተቆነጠጠበት ቦታ ነው። ስለዚህ የኋላውን ሁለት ማኒኮቶ ከቲዎቹ ነቅለን ሁለቱን ቲዎች በአንድ አጭር የ16 ሚሊሜትር ማኒኮቶ አገናኘናቸው። የኋላው መስመር ከሥርዓቱ ወጣ።

ሞተሩና የፊት ሂተሩ ብቻ፦ በ15 ደቂቃ ከ0.9 ወደ 0.8። የቴስታታው አንገት ጠብታ ይህን ያስረዳል።

የኋላው መስመር ብቻ፣ በውሃ ተሞልቶ፣ አንዱ ጫፍ ተደፍኖ፦ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ግፊቱ ዜሮ ሆነ። የኋላው መስመር የሚይዘው ውሃ ጥቂት ስለሆነ መርፌው ቶሎ መውረዱ አይገርምም፤ ሁለቱን ቁጥሮች አነጻጽሮ «ይህኛው ይህን ያህል እጥፍ ያፈሳል» ማለት ልክ አይደለም። የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥፋቱ እዚህ ግማሽ ውስጥ አለ።

መኪናው ሥር ገብተን ቱቦውን በብረት ብሩሽና በውሃ አጠብን፣ በጨርቅ አደረቅን፣ የሕፃን ፓውደር ረጨንበት። እርጥበት ፓውደሩ ላይ ወዲያው ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። በድጋሚ 0.9 ስንሰጠው፣ ቱቦው ከወለሉ ጋር በሚታሰርበት የላሜራ ክንፍ ጎን ከፀጉር የቀጠነ ውሃ ተወነጨፈ። አቅጣጫው በቀጥታ ወደ ጭስ ማውጫው ነው።

መሬት ላይ ጠብታ የማይገኘው ለዚህ ነው። ውሃው የሚወጣው ሞተሩ ሲሞቅና ግፊት ሲኖር ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚያርፈው የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምፅ መቀነሻ) ላይ ነውና በዚያው ተንኖ ይጠፋል። የጭስ ማውጫው ቱቦ ጎን ላይ እጅ መዳፍ የሚያህል ነጭ የካልክ (ከውሃ የቀረ ኖራ) ንጣፍ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች ማስወጣት

ማኒኮቶ ከመቀየሩ በፊት የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው መዝጊያ፣ መታየት አለበት። የተቃጠለ ጓርኒሲዮን የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው ይለቃል፤ አዲስ ማኒኮቶም ይፈነዳል። መኪና ማኒኮቶ ደጋግሞ የሚያፈነዳ ከሆነ ጥያቄው ማኒኮቶው ላይ መሆኑ ያበቃል።

ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነስተን የራዲያተሩን የላይኛ ማኒኮቶ ጨበጥን። ውሃው ገና ሳይሞቅ በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ከጠነከረ ግፊቱ የመጣው ከሙቀት አይደለም። እዚህ ለስላሳ እንደሆነ ቆየ። ክዳኑ ተከፍቶ፣ የሞተሩ ዙር ከፍ ሲደረግ፣ የማያቋርጥ አረፋም አልታየም። ዘይቱ ንጹሕ ነው። ጓርኒሲዮኑ ነጻ ነው።

የውሃ ፓምፑ ማንጠባጠቢያ ቀዳዳ ደረቅ ነው። በብሎኩ ጎን ያሉት የቆርቆሮ ታፖዎች (ድፍኖች) ደረቅ ናቸው። የጋቢናው ምንጣፍ ሥር ጣት አስገብተን ደረቅ ሆኖ አገኘነው፤ የሂተሩ ራዲያተር ቢያፈስ ኖሮ ምንጣፉ ይርሳል፣ የፊት መስታወቱ ከውስጥ በቅባታም ጉም ይሸፈናል፣ ጋቢናውም ጣፋጭ ሽታ ይሸታል። ኤሲ ያለው መኪና ላይ ከሥር የሚንጠባጠበው ንጹሕና ሽታ የሌለው ውሃ ጤነኛ ነው፤ በጣት ሲታሽ የማያንሸራትት ከሆነ ኩላንት አይደለም።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ አሮጌዎቹ ምን ይናገራሉ

ከሥርዓቱ ወደ 8 ሊትር ወጣ። ኩላንት ሳይሆን ዝገት የተቀላቀለበት ውሃ ነበር። ቀሪ ኩላንት ሊኖርበት ስለሚችል በበርሜል አጠራቅመን ከደንነው። የኩላንት ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ኤቲሊን ግላይኮል ያለበት ውሃ ጣፋጭ ነውና ውሻም ጥጃም ይጠጣዋል፤ ይገድላል። ግቢው ዙሪያ ከብት የሚሰማራበት ስለሆነ ቦይ ውስጥ መድፋት የለም።

የተጣበቀ ማኒኮቶ በጉልበት አይጠመዘዝም። በተለይ ወደ ሂተሩ ራዲያተር የሚገባው አንገት ቀጭን ስለሆነ ከሥሩ ይለቃል። ፋሸታውን አላቅቆ፣ ላስቲኩን በርዝመቱ በስለት ሰንጥቆ፣ እንደ ሙዝ መላጥ ነው።

የወጡትን ሁሉ በርዝመታቸው ከፍለን አስቀመጥናቸው። ማኒኮቶ ውጭው ሳይሆን ውስጡ ነው የሚነበበው።

ከቴስታታው የሚነሳው፦ ውጩ ጥቁርና ጤነኛ ይመስላል። ከጫፉ 5 ሴንቲሜትር ውስጥ ሲጨመቅ ግን ከመሃሉ ይልቅ ይለሰልሳል። ሲከፈት በርዝመቱ የተሰነጣጠቁ ቀጫጭን መስመሮች ተገኙ፤ አንዳንዶቹ እስከ ክሩ ደርሰዋል። ይህ የዕድሜ መድረቅ አይደለም። ሞተሩ ብረትና አሉሚኒየም፣ ውሃው በጨው የተሞላ፣ ላስቲኩ ደግሞ ካርቦን ያለበት ስለሆነ ሦስቱ አንድ ላይ ደካማ ባትሪ ይሆናሉ፤ ኤሌክትሪኩ ላስቲኩን ከውስጥ ይበላዋል። መበላቱም በጫፍ፣ በብረቱ አጠገብ ይጀምራል። ስለዚህ ማኒኮቶ በጣት ሲፈተሽ መሃሉን ጨምቆ «ደህና ነው» ማለት አያስተማምንም፤ መጨመቅ ያለበት ሁለቱ ጫፍ ነው።

ወደ ዳሽቦርዱ የሚሄደው፦ አንድ ቦታ ላይ አብጦ፣ ሲነካ የሚያጣብቅ። ከላዩ የሞተር ዘይት ሲንጠባጠብበት ኖሯል። የሂተር ማኒኮቶ የሚሠራበት ላስቲክ ሙቅ ውሃን በደንብ ይችላል፤ ዘይትና ናፍጣ ግን ያቀልጠዋል። ስለዚህ ዘይቱ የሚወርድበት የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን ሳይቀየር አዲስ ማኒኮቶ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ተቀየረ።

የመልሱ ማኒኮቶ፦ ከሻንሲው ክንፍ ጋር ሲፋተግ የነበረበት ጎኑ ክሩ ወጥቷል። ገና አላፈሰሰም። ጥፋቱ የላስቲኩ ሳይሆን የጠፋው መያዣ ነው።

የኋላው መስመር መሃል ላይ ከዚህ በፊት የተሠራ ቅጥያ ነበር፦ የነዳጅ ማኒኮቶ ቁራጭ በሁለት ፋሸታ። የነዳጅ ላስቲክ ለነዳጅ ነው፤ ሙቅ ኩላንት ውስጥ ይደርቅና እንደ ፕላስቲክ ይሰበራል። የአትክልት ማጠጫ ግልጽ ቱቦ የሚያስገቡም አሉ፤ እርሱ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ከአንገቱም ይወልቃል። ሌላው ሊነቀል የሚገባው ልማድ ሲልከን ነው። በቅጥያው አንገት ዙሪያ የተቀባው ሲልከን ወደ ውስጥ ተጨምቆ ቁርጥራጩ ቱቦው ውስጥ ተገኘ። ሲልከን በማኒኮቶ ሥር ማንሸራተቻ እንጂ ማጣበቂያ አይሆንም፤ የተቆረሰው ቁራጭ ደግሞ የሂተሩን ራዲያተር ጠባብ መስመሮች ይዘጋል። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠው ዱቄትም እዚያው ነው የሚከማቸው።

የቴስታታው አንገት፦ በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ሲጸዳ ፋሸታው ይቀመጥበት በነበረው ቀለበት ዙሪያ የተቦረቦረ ብረት ወጣ። ሁለት ጉድጓዶች ጥፍር ይይዛሉ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ያለበት አንገት ላይ አዲስ ማኒኮቶም ያፈሳል። ፋሸታውን ይበልጥ ማጥበቅ መፍትሔ አይደለም፤ ላስቲኩን ይቆርጠዋል።

ረቡዕ ጠዋት፣ የተሳሳተ ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት ግንኙነት)

ማኒኮቶዎቹ እንደዚያ ተሰነጣጥቀው ሲገኙ ኤሌክትሪኩ ይፈተሻል። የወጡትን ማኒኮቶዎች ለጊዜው በሌላ ተክተን፣ ሥርዓቱን በውሃ ሞልተን ሞተሩን አስነሳን። የቴስተሩ ጥቁር ሽቦ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩ በራዲያተሩ አፍ ውሃው ውስጥ፣ ብረት ሳይነካ። 0.1 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ጥሩ ነው፤ 0.3 ካለፈ ችግር አለ።

መብራትና ቴፕ ጠፍተው 0.08። የጋቢናው ተጨማሪ መብራትና የቴፑ ማጉያ ሲበሩ 0.42። ማጉያው ማሳውን የወሰደው በዳሽቦርዱ ሥር ካለው የሂተር ቱቦ መያዣ ብሎን ነበር። ብሎኑ ቀለም ላይ የታሰረ ስለሆነ ጅረቱ የሚመለሰው በቱቦውና በውሃው በኩል ነው። ማሳው በቀጥታ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ተገናኘ፣ ከሞተር ወደ ሻንሲ የሚሄደው ወፍራም ማሳም ጫፉ ተፍቆ ተጠበቀ። አሁን ሁሉም በርቶ 0.09።

ይህን ፍተሻ ለሚኒባስ ሁሉ እንመክራለን። ብልጭልጭ መብራትና ድምፅ ማጉያ የሚገጥመው ሰው ማሳ የሚፈልገው ቅርብ ከሆነው ብረት ነው፤ ቅርብ የሆነው ብረት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሂተር ቱቦ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ዕቃ

ሶማሌ ተራ፣ የመኪና መለዋወጫ ገበያ። የሂተር ማኒኮቶ በሜትር ሲገዛ ሦስት ነገር ይታያል፦ በላዩ የታተመው ለሂተር ወይም ለኩላንት መሆኑ፣ በተቆረጠው ጫፍ በላስቲኩ መካከል የክር ሽመና መኖሩ፣ ውስጡ 16 ሚሊሜትር መሆኑ። ናሙና ይዞ መሄድ አይበቃም፤ ያረጀ ማኒኮቶ ጫፉ ተለጥጦ ስለሚሰፋ ከአንገቱ የበለጠ ቁጥር ይሰጣል። አንገቱን በካሊፐር ለክቶ መሄድ ነው። 16 ሚሊሜትሩ ያለቀበት ሻጭ 19 ሚሊሜትሩን «በፋሸታ ይያዛል» ብሎ ይሰጣል። ትርፍ ላስቲክ በፋሸታ ሥር ይታጠፋል፣ እጥፋቱም መፍሰሻ ቦይ ይሆናል።

የተገዛው፦ 4 ሜትር የ16 ሚሊሜትር ማኒኮቶ፣ 14 ፋሸታ፣ 0.9 ክዳን፣ ባለ82 ዲግሪ ተርሞስታት ከነጓርኒሲዮኑ፣ ሁለት የነሐስ ቲ፣ 6 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት፣ 6 ሊትር ለባትሪ የሚሸጥ የተጣራ ውሃ። ፋሸታው ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈና ከውስጥ ለስላሳ የሆነው ነው፤ ቀዳዳው ወደ ውስጥ የሚያሳየው ላስቲኩን ይበላል።

ሐሙስ፣ የኋላው ቱቦና አንገቱ

የኋላውን ሂተር ማስወጣት ይቻል ነበር። ለኋላ ሂተር ምንም ሥራ የሌለው መኪና ከሆነ፣ ሁለቱን ቲዎች አውጥቶ መስመሩን ቀጥታ ማድረግ ከሁሉ የተሻለ ነው፤ የማይኖር መጋጠሚያ አያፈስም። ጫፎቹን በብሎን ደፍኖ መተው ግን መጥፎ ነው፦ የቆመ ውሃ ቱቦውን ያዝጋል፣ አየር ይይዛል፣ ድፍኑም በግፊት ተወንጭፎ ይወጣል። ይህ መኪና ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሱሉልታ ሰው ጭኖ የሚነሳ ነው። በታኅሣሥ ብርድ ሂተሩ ያስፈልጋል። ስለዚህ ይሠራ ተባለ።

የበሰበሰው ቱቦ በመያዣው ሥር ነው የበሰበሰው። መያዣው ከውስጥ ላስቲክ አለው፤ በላስቲኩና በብረቱ መካከል የገባው ጭቃ ክረምት ከበጋ እርጥብ ሆኖ ይኖራል። ቀዳዳው ላይ መበየድ አልመረጥንም። ዙሪያው እንደ ወረቀት ስለሳሳ የብየዳው ሙቀት ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ቢያዝም በሌላ ጎን ይከፈታል። ሁለቱም ቱቦዎች፣ ያልፈሰሰውም ጭምር፣ በአዲስ 16 ሚሊሜትር የብረት ቱቦ ተተኩ።

ጫፎቹ ላይ ከንፈር ወጣ፤ ማለትም ከጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር ገባ ብሎ በዙሪያው ከፍ ያለ ቀለበት። ከንፈር የሌለው ቱቦ ላይ ማኒኮቶው ሲሞቅና ግፊት ሲበዛ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ከዚያ የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ። መያዣዎቹ በየ40 ሴንቲሜትሩ፣ በአዲስ ላስቲክ፣ ክፍት ጎናቸው ወደ ታች ሆኖ፤ ጭቃው ገብቶ እንዳይቀመጥ ይፈስሳል። ከጭስ ማውጫው ያለው ርቀት ከቀድሞው በአንድ መዳፍ ሰፋ።

የቴስታታው አንገት ተነቅሎ በአዲስ ተቀየረ። ለዚህ ሞተር ገበያ ላይ ስለሚገኝ ጉድጓዱን በማጣበቂያ መሙላት አላስፈለገም።

ሐሙስ ማታ፣ መግጠም

ማኒኮቶው በስለት ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ በመቀስ ጥርስ የተቆረጠ ጫፍ እኩል አይቀመጥም። ርዝመቱ ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ የሚወዛወዝበትን ያህል ትርፍ ይይዛል። ተወጥሮ የተገጠመ ማኒኮቶ አንገቱን ሌት ተቀን ይስበዋል።

ለማንሸራተት ንጹሕ ውሃ ወይም ኩላንት ብቻ። ግራሶና ዘይት ላስቲኩን እንደሚበሉት ከላይ ታይቷል። ማኒኮቶው ከከንፈሩ አልፎ ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ይገባል። ፋሸታው ከከንፈሩ ኋላ፣ ከማኒኮቶው ጫፍ 5 ሚሊሜትር ያህል ገባ ብሎ ይቀመጣል። ከንፈሩ ራሱ ላይ የተቀመጠ ፋሸታ በአንድ ጎን ብቻ ይነክሳል።

ማጥበቅ፦ ላስቲኩ በፋሸታው ጠርዝ እኩል ትንሽ ከፍ ሲል ይቆማል። በፋሸታው ቀዳዳዎች ውስጥ ላስቲክ ብቅ ካለ ከልክ አልፏል። የብሎኑ ራስ ለካቻቢቴ በሚመች አቅጣጫ ይዙር፤ ከቀናት በኋላ እንደገና መጠበቅ አለበትና።

ዓርብ፣ መሙላትና አየር ማስወጣት

ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ። ተራ የጉድጓድ ውሃ ካልክ ይዞ ይገባል፤ ካልኩም መጀመሪያ የሚጋገረው በሂተሩ ራዲያተር ውስጥ ነው። ባዶ ውሃ ደግሞ የዝገት መከላከያ የለውም፤ የኋላውን ቱቦ ከውስጥ ያሳሳውም ያው ነው።

መኪናው አፍንጫው ወደ ዳገት ሆኖ ቆመ፣ የሂተሩ መክፈቻ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፣ የሁለቱም። ቀስ ተብሎ ተሞላ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ተነሳ፣ የላይኛው ማኒኮቶ በእጅ ጨመቅ ለቀቅ ተደረገ፣ አረፋ ወጣ፣ ደረጃው ሲወርድ ተጨመረ። ተርሞስታቱ ሲከፈት ደረጃው በድንገት ይወርዳል፤ ያኔ ተሞልቶ ክዳኑ ይዘጋል። በዳሽቦርዱ ሥር የውሃ መንቆርቆር ድምፅ ካለ አየር አለ። ሌላው ምልክት ቱቦዎቹ ናቸው፦ ወደ ሂተሩ የሚገባውም የሚወጣውም ሙቅ መሆን አለባቸው። አንዱ ሙቅ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ አየር ነው ወይ የተዘጋ ሂተር። የኋላው በመጀመሪያ ቀዝቃዛ ነበር፤ የመልሱን ማኒኮቶ በቲው ላይ ትንሽ ላላ አድርገን አየሩ ሲወጣ ሞቀ።

የተርሞስታቱ መመለስ በራሱ ለውጥ አመጣ። ያለ ተርሞስታት ሞተሩ በሱሉልታ ጠዋት ለረጅም ጊዜ ሳይሞቅ ይሄዳል፣ ናፍጣውን በደንብ አያቃጥልም፣ ሂተሩም ለብ ብሎ ይቀራል። ውሃው ስለማይሞቅም ግፊቱ አይገነባም፤ ቀዳዳዋ ዳገቱ እስኪመጣ ትደበቃለች።

ሞተሩ ቀዝቅዞ የግፊት ሙከራ ተደገመ፦ 0.9 ባር፣ 20 ደቂቃ፣ መርፌው አልተንቀሳቀሰም።

ቅዳሜ፣ ዳገቱ

ሙሉ ተሳፋሪ በሚያህል ጭነት ከአዲሱ ገበያ በእንጦጦ አናት ወደ ሱሉልታ። መለኪያው መሃል ላይ ቆመ። ደርሶ ሲጠፋ የሚፈላ ድምፅ የለም። የጭስ ማውጫው ጎን፣ ካልኩ ከተፋቀ በኋላ፣ ደረቅ።

ተመልሶ ሲቀዘቅዝ ፋሸታዎቹ ሁሉ በድጋሚ ተነኩ። አዲስ ላስቲክ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ይሰምጣል። ከ14ቱ 5ቱ ሩብ ዙር ያህል ወሰዱ፤ ሁሉም በነሐስ ቲዎቹ አካባቢ ያሉት ናቸው።

ለሚቀጥለው ሳምንትና ከዚያ በኋላ

የራዲያተሩን ትርፍ ውሃ በሚይዘው ተጠባባቂ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ በቀለም መስመር ተደርጓል። ሹፌሩ የሚያየው ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ብቻ ነው፤ ማታ ሲሞቅ ደረጃው ከፍ ስለሚል ያሳስታል። መስመሩ ከአንድ ጣት በላይ ከወረደ ውሃ ጨምሮ መሄድ ሳይሆን መጥቶ ግፊቱ ይለካል።

ከአንድ ወር በኋላ፦ ፋሸታዎቹ በብርድ ይነካሉ፣ ቮልቱ በድጋሚ ይለካል፣ በተለይ መኪናው ላይ አዲስ መብራት ከተገጠመ። የፊት ሂተሩ መክፈቻ ቫልቭ ዘንጉ ዙሪያ ትንሽ ርጥበት ስለታየ በሚቀጥለው ሰርቪስ ይቀየራል፤ እስከዚያ ሹፌሩ በወር ጥቂት ጊዜ ከፍቶ ይዝጋው፤ ሳይነካ የሚኖር ቫልቭ ይጣበቃል፣ በጉልበት ሲከፈት ደግሞ ከዘንጉ ማፍሰስ ይጀምራል።